በዕቃ ተራ

ቃልኪዳን ያረፈችው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ወንድሟ ሱራፌል መርዶውን የሰማው ሁለት ሰዓት ላይ ቢሆንም ልቡ ቀደም ብሎ ነግሮት ነበር። እህቱ በየማለዳው አንድ ሰዓት ሲሆን በረንዳዋ ላይ ብቅ ብላ እጇን ታወዛውዝለታለች፤ እሱም ከወዲህ ያወዛውዛል። ያን ዕለት ሻዩን ይዞ ቢጠብቅ፣ ቢጠብቅ፣ የማዶው በረንዳ ባዶውን ቀረ።

በሁለቱ ሕንፃዎች መካከል ያለው ርቀት ሰባ ሜትር ነው። መካከሉን የያዘው ዥረቱ ነው። ሱራፌል ሚኒባስ ይነዳ በነበረበት ዘመን ይህ ቦታ ቀለበት መንገድ ይባል ነበር። ሰዉ የሲሚንቶ ግንቡን እየዘለለ ይሻገራል፣ ሾፌሩ ይሳደባል፣ ትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካውን ይነፋል። ከዚያ ሾፌር የሌላቸው መኪኖች መጡ። መኪኖቹ እርስ በርሳቸው ስለሚግባቡ መቆም አላስፈለጋቸውምና መብራቶቹ ተነሱ። የእግረኛ ድልድዮቹም ለረጃጅም ጭነት አይመቹም ተብለው ፈረሱ። በመጨረሻ ግራና ቀኙ ሦስት ሜትር በሚሆን መስተዋት ታጠረ። በ2050 ዓ.ም. ገደማ የከተማው ሰው መንገድ ማለቱን ትቶ ዥረት ይለው ጀመር። ዥረቱ ቀንም ሌሊትም አይቆምም። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ሰው አጥሩን ዘልሎ ሊሻገር ሞክሮ ነበር። መኪኖቹ ለተሳፋሪዎቻቸው ደኅንነት ሲባል መስመር አይለቁም። ቦታው በአሥራ አንድ ደቂቃ ውስጥ ታጠበ።

ከተማው በቀጠና ተከፋፍሏል፤ ከቀጠናው ወጥቶ ወደ ሌላ ቀጠና መሄድ የፈለገ ተራ ይጠይቃል። ምክንያቱን ይናገራል፤ መኪኖቹን የሚያሰማራው ሲስተም፣ ስምሪቱ፣ ምክንያቱን መዝኖ ቀን ይሰጠዋል። ሥራ ይቀድማል፤ ሕክምና እንደ ሕመሙ ይታያል፤ ጥየቃ መጨረሻ ነው። ሱራፌል እህቱን አቅፎ የሳማት የዛሬ ሦስት ዓመት በፋሲካ ነበር። ያኔም ሰባዋን ሜትር ለመሻገር በሳሪስ ዞሮ፣ ቃሊቲ ወርዶ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጅቶበታል። ከዚያ ወዲህ ኑሯቸው በየበረንዳቸው ቆመው፣ እየተያዩ፣ በስልክ ማውራት ሆነ።

“ከሳህ እኮ” ትለዋለች።

“ከዚያ ሆነሽ ምን ይታይሻል?”

“የሹራብህ ክርን መቀደዱ ሳይቀር። ረድኤትን በላት፣ ትጣፍልህ።”

ረድኤት ሚስቱ ናት። መርዶው በስልክ ሲመጣ አጠገቡ ቆማ ነበር። የደወለችው የቃልኪዳን ልጅ ሶልያና ናት፤ ኗሪነቷ ገላን ሆኖ እናቷን ለማስታመም በልዩ ፈቃድ የመጣች።

“ጋሼ” አለች። ከዚያ ድምፅዋ እየተቆራረጠ፣ “ማታ ደኅና ነበረች። እራቷን በልታ፣ ስቃ… ጠዋት ሻይ ይዤላት ብገባ…”

ሱራፌል ግድግዳውን ተደግፎ ሰማት።

“ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው” አለች ሶልያና። “ይደርሳሉ አይደል፣ ጋሼ?”

“እደርሳለሁ የኔ ልጅ። ፊት ለፊትሽ ነኝ እኮ።”

ስልኩን ሳያስቀምጥ ስምሪቱን ጠራ። የሚመልሰው ድምፅ የሴት ነው፤ ትሑትና የማይቸኩል።

“ውድ ተጓዥ፣ እንደምን አደሩ። የጉዞዎን ምክንያት ይግለጹ።”

“ቀብር።”

“ጥልቅ ሐዘናችንን እንገልጻለን። ሟች ምንዎ ናቸው?”

“እህቴ ናት። የእናቴ ልጅ።”

“እህት ሁለተኛ ደረጃ ዝምድና ነው። ተራዎ የፊታችን ሳምንት ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ላጽናልዎት?”

ሱራፌል ለአፍታ ያጽናናችው መሰለው። ተራውን ማለቷ እንደሆነ ቆይቶ ገባው።

“ቀብሩ ዛሬ ነው!” ብሎ ጮኸ።

“ተረድተናል። ላጽናልዎት?”

ዘጋው። በመስኮቱ ሲያይ ማዶ ከሕንፃው ሥር ድንኳን እየተተከለ ነው። አራት ሰዎች ሸራውን ይወጥራሉ፤ አንዲት ሴት ወንበር ታወርዳለች። መኪኖቹ በመካከል ያለማቋረጥ ስለሚፈሱ ሰዎቹ እንደ ጥላ ብልጭ ድርግም ይላሉ።

ረድኤት ትከሻውን ያዘችው። በዚያች ቅጽበት በራቸው ላይ ያለው የዕቃ ደወል ጮኸ፤ ከአንድ ሰዓት በፊት ያዘዘችው ቲማቲም ደርሶ ነበር። ከሌላው የከተማ ጫፍ፣ ስድስት ቀጠና አቋርጦ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ዕቃ ተራ አይጠብቅም፤ ዕቃ ይበላሻል፣ ሰው ግን አይበላሽም የሚለው ደንብ ከወጣ አሥር ዓመት አልፎታል።

ሱራፌል ቲማቲሙን ትኩር ብሎ አየው። ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ታች ቤት የሚኖሩት እማማ ብሌን ሰሞኑን አዲስ ፍሪጅ ገዝተው ካርቶኑን ደረጃው ሥር አቁመውት ነበር።

“አብደሃል?” አለች ረድኤት፣ ካርቶኑን እየጎተተ ሲገባ። “በስልሳ ሰባት ዓመትህ?”

“ሲቀብሯት በመስኮት ልመልከት? እንደ ፊልም?”

“ብትታፈንስ?”

“በየጎኑ እበሳዋለሁ። ሰባ ሜትር ነው ረድዬ። ሰባ ሜትር።”

ረድኤት ከዚህ በኋላ አልተከራከረችም። ጥቁር ኮቱን አመጣችለት። ካርቶኑ ውስጥ ትራስ አነጠፈች፤ የውኃ ኮዳ አስቀመጠች። እሱ በቢላ ከእጀታው በታች ጣት የሚያሳልፉ ቀዳዳዎችን ከፈተ። ስልኩን አልያዘም፤ ስልክ የያዘ ሰው ከቀጠናው ሲወጣ ወዲያው ይታወቃል። ለሶልያናም አልነገራትም፤ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይወራም። እማማ ብሌን ለቅሶ ሊደርሱ ሲመጡ ነገሩን አይተው አማተቡ። ከዚያ ሱራፌል ሲገባ ነጠላቸውን አጣፍተው ካርቶኑን በማሸግ ረዱ፤ ዕቃ እስከሚጫንበት ዕቃ በርም አብረው ገፉ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸው ግን ገና አልከዳቸውም።

“ላኪ?” አለ የዕቃ በሩ።

“ረድኤት” አለች፣ የቤት ቁጥሯን ጨምራ።

“ተቀባይ?”

“ቃልኪዳን።” የማዶውን ቤት ቁጥር ጠራች። ሱራፌል በጨለማው ውስጥ ሆኖ የሚስቱን ድምፅ ሰማ።

“የዕቃው ዓይነት?”

“የቤት ዕቃ። ተሰባሪ ነው፣ እባክህ።”

ካርቶኑ ከፍ አለ፣ ተመዘነ፣ ተንሸራተተ። በሩ ተዘጋ።

መጀመሪያ ላይ ሱራፌል መንገዱን ይከተል ነበር። ሠላሳ ዓመት የነዳበት ከተማ ነው፤ በመታጠፊያው ብዛትና በቁልቁለቱ ያውቀዋል። ይኼ ላፍቶ ነው አለ በልቡ። ይኼ ወደ ሳሪስ የሚያወጣው ነው። ከዚያ መኪናው ማለቂያ ወደሌለው ቁልቁለት ገባ። ድሮ በዚያ በኩል እንዲህ ያለ ቁልቁለት አልነበረም። ከዚያ በኋላ የት እንዳለ ጠፋው። ብርዱ ከታች ጀመረ። ጉልበቱን ደረቱ ላይ አጥፎ ስለተቀመጠ እግሩ ደነዘዘ።

ከአጠገቡ፣ ከካርቶኑ ውጪ፣ አንድ ነገር ቋ፣ ቋ አለ።

“ሰው አለ?” አለ ሱራፌል፣ አፉን ወደ ቀዳዳው አስጠግቶ።

መልስ የለም። ቆይቶ ደግሞ ቋ አለ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ ጣት። ሱራፌልም ከውስጥ መታ። ሁለቱ ለጥቂት ጊዜ እንዲያ ሲመላለሱ ቆዩ። ከዚያ ሱራፌል ቢመታ፣ ቢመታ የሚመልስ ጠፋ። እንቅልፍ ወስዶት ይሆናል ብሎ አሰበ።

ካርቶኑ ሲከፈት ብርሃኑ ዓይኑን ወጋው። አንዲት ወጣት ሴት የማሸጊያ መቁረጫ ይዛ ጎንበስ ብላ ታየዋለች። ደረቷ ላይ ኤልዳና የሚል ስም ተሰፍቷል።

“ቀስ ብለው ይውጡ አባባ” አለችው። “እግርዎ እስኪፈታ አይቁሙ።”

የነበሩበት ጣሪያው ከዓይን የራቀ አዳራሽ ነው። ካርቶኖች በተንቀሳቃሹ መስመር ላይ እየተከታተሉ ያልፋሉ። ከኤልዳና በቀር ሰው አይታይም።

“እንዴት አወቅሽ?” አላት።

“የቤት ዕቃ አይስልም።” ኮዳውን አንስታ ሰጠችው። “በሳምንት አምስት ስድስት ሰው እናገኛለን። በዕቃ መለያው ማሽን ሳያልፉ የማወጣቸው እኔ ነኝ።”

“አጠገቤ የነበረስ? ሰው ነበር። ያንኳኳ ነበር።”

ኤልዳና ዞር አለች። ዓይኗ ወደ ግድግዳው ሄደ። እዚያ፣ ወለሉ ላይ፣ የተከፈተ ካርቶን አለ፤ ላዩ ላይ ሸራ ተጥሎበታል። ከሸራው ሥር የወንድ ጫማ ይታያል፤ በደንብ የተቦረሸ ጥቁር ጫማ።

“የሱ ካርቶን ቀዳዳ አልነበረውም” አለች።

ሱራፌል ቆቡን አወለቀ። ሌላ የሚያደርገው አልነበረም።

“ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀብር አለብኝ” አለ በመጨረሻ። “እህቴ ናት።”

ኤልዳና በካርቶኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አነበበች፤ ከዚያ በእጇ የያዘችውን መሣሪያ አየች። ፊቷ ተለወጠ።

“ተቀባይ ቃልኪዳን… እሳቸው ናቸው ሟቿ?”

“አዎ። ቤቷ ግን ልጇ አለች፣ ትቀበላለች።”

“አባባ፣ ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ከመዝገብ ወጥተዋል። ሲስተሙ አያውቃቸውም። ተቀባይ የሌለው ዕቃ ወደ ላኪው ነው የሚመለሰው።”

“በልጇ ስም አድርጊዋ። ሶልያና።”

ኤልዳና ፈለገች። “እሷ ኗሪነቷ ገላን ነው። ገላን ነው የሚወስድዎት። ከዚያው ሕንፃ ሌላ ሰው ይንገሩኝ፤ ጎረቤት። ሙሉ ስም ብቻ ይስጡኝ፣ ወረቀቱን እቀይረዋለሁ።”

ሱራፌል አፉን ከፈተ። አሥራ ሁለት ዓመት በየማለዳው ያያቸዋል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቢጫ አንሶላ የምታሰጣውን ሴት ያውቃታል። ቁምጣ ለብሶ ስፖርት የሚሠራውን ሽማግሌ ያውቀዋል። አንድ ዓይነት የሚለብሱትን መንትዮች፣ ጎንበስ ብለው አበባ የሚያጠጡትን ባልና ሚስት፣ ማን ከማን እንደተጣላ ሳይቀር ያውቃል። የአንዳቸውንም ስም ግን አያውቅም።

“አንድ ስም ብቻ” አለች ኤልዳና።

“ቢጫ አንሶላ…” ብሎ ጀመረና ተወው።

“የልጅቷን ስልክ በቃልዎ ይይዙታል?”

አይይዘውም። በቃሉ ስልክ የሚይዝ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ስምንት ሰዓት ሊሆን ነበር። ኤልዳና ቀዳዳዎቹን በመቁረጫዋ አሰፋችለት፤ ከቀዝቃዛ ዕቃ ጋር እንዳይጫን ቀይ ምልክት ለጠፈችበት። ከመዝጋቷ በፊት ጎንበስ አለች።

“ሰፈር ሲመለሱ ይንገሩልኝ አባባ። እንዳይሞክሩት ይንገሩ። እኔ ሁልጊዜ ተረኛ አይደለሁም።”

“እነግራለሁ” አለ ሱራፌል። ለመናገር አስቦ ነበር።

ወደ ቤቱ የተመለሰው አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ካርቶኑን ከዕቃ በሩ ያወጣችው ረድኤት ናት። በክዳኑ ላይ “ተቀባይ የለም” የሚል አዲስ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። አነበበችው። ላጠችና ኪሷ ውስጥ ከተተችው። ባሏን ደግፋ አስነሳችው።

የእድሩ ሰዎች በግቢያቸው ድንኳን ተክለው ጠብቀውታል። ሠላሳ የሚሆን ሰው ነበር። ሱራፌል ኮቱ ተጨማዶ፣ እያነከሰ ሲገባ ሁሉም ተነሣ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ናሆም እጁን ያዘው።

“ደረስክ?” አለው።

ሱራፌል ዙሪያውን አየ። ሁሉም ዓይን እሱ ላይ ነው። ከዚህ ሰው ሁሉ መካከል የሞተበትን ቀብሮ የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ዘመዱን ያጣው በስልክ ነው። እማማ ብሌን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ይጠብቃሉ።

“ደረስኩ” አለ።

ድንኳኑ ተነፈሰ። “ተመስገን” ያለ አለ፤ “እልል” ሊል የቃጣውም ነበር። ሱራፌል ተቀመጠ፤ አንዴ የወጣ ቃል ሌላውን ጎተተው። ሬሳዋን ከአራቱ አንዱ ሆኖ እንደተሸከማት ነገራቸው። ቄሱ አጭር ሰው እንደነበሩ፣ ድምፃቸው ግን እንደ ደወል እንደነበረ፣ አፈሩ ቀይና ርጥብ እንደነበረ፣ የመጀመሪያውን ጭብጥ አፈር እሱ እንዳለበሳት ነገራቸው። ሲናገር እንባው መጣ። ቀኑን ሙሉ ያልመጣው እንባ ያን ጊዜ ገነፈለ፤ ሰዉም አብሮት አለቀሰ። ረድኤት አጠገቡ ተቀምጣ መሬት መሬት ታያለች። ሲመሽ ወረቀቱን ከኪሷ አውጥታ ምድጃ ላይ አቃጠለችው፤ ባሏ ያበጃት ያቺ ቀብር እንድትቆይለት ብላ።

ሐሙስ፣ ሠልስቱ ዕለት፣ እማማ ብሌን ወንበራቸውን ወደ ሱራፌል አስጠጉ።

“ጋሽ ሱራፌል፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ” አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ያቺ ዮሐና፣ ልጄ፣ ሰሚት ያለችው፣ ከወለደች ሦስት ሳምንቷ ነው። የመጀመሪያዋ ነው። አጥሚት የሚያጠጣት ሰው የላትም። ተራ ብጠይቅ ለጥር አሉኝ። ካርቶኑ እንዳለ ነው አይደል?”

ሱራፌል ወደ እሳቸው ዞረ። “እማማ፣ ብርድ ነው እዚያ ውስጥ።”

“ጋቢ አለኝ።”

“አየር የለም።”

“አንተ ተንፍሰህ ሄደህ የለ?”

“እማማ ብሌን፣ ይተዉት። ጥር ሩቅ አይደለም።”

“ጥር ሩቅ አይደለም?” አሉ እማማ ብሌን። አልተቆጡም፤ የገረማቸው ይመስላል። “የወንድም ልብ ሰባ ሜትር አልችል ብሎ እኔን ጥር ድረስ ቻይ ትለኛለህ?”

ሱራፌል ተነሣ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ ተናገረ።

“አልደረስኩም። አልቀበርኳትም። ቃሊቲ ይሁን የት እንጃ፣ አንድ አዳራሽ ወስደው መለሱኝ። ተቀባይ የለም ብለው መለሱኝ። አጠገቤ የነበረው ሰው ታፍኖ ሞቷል። በዓይኔ አይቻለሁ። ያወራኋችሁ ሁሉ ውሸት ነው።”

አንድ ሰው ብርጭቆውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ።

“ሐዘን ነው” አለ ጋሽ ናሆም፣ ለአጠገቡ ሰው። “በሦስተኛው ቀን እንዲህ ያደርጋል።”

“ሐዘን አይደለም! ረድኤት፣ ንገሪያቸው። ወረቀቱን አሳዪያቸው።”

ረድኤት ተነሣች። “እውነቱን ነው” አለች። “ወረቀቱን ግን… አቃጥዬዋለሁ።”

እማማ ብሌን ሁለቱንም አፈራርቀው አዩአቸው። ከዚያ ፈገግ አሉ፤ ልጅን እንደሚያባብሉበት ያለ ፈገግታ።

“ፈርታችሁልኝ ነው። አውቃለሁ፣ እግዜር ይስጣችሁ። ግን ጋሽ ሱራፌል፣ ያን ዕለት ስታለቅስ ፊት ለፊትህ ነበርኩ። ሰው ያልቀበረውን እንደዚያ አያለቅስም።”

የሚያምነው አንድ ሰው አላገኘም። ማመን የፈለገም አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ሱራፌል ካርቶኑን ከእማማ ብሌን እጅ ሊቀማ ሞከረ። ሁለት አዛውንቶች ኮሪደር ላይ በካርቶን ሲጓተቱ ጎረቤት ወጥቶ አየ፤ ሱራፌልንም በትሕትና ያዙት። እማማ ብሌን አጥሚቱን በሁለት ፔርሙዝ ሞልተው፣ ለሕፃኑ የሠሩትን ሹራብ በፌስታል አድርገው ተዘጋጅተው ነበር። ጎረቤቶቹ ሲለቁት ሱራፌል ቢላ ይዞ መጣ። ተንበርክኮ ካርቶኑን ዙሪያውን መብሳት ጀመረ። ብዙ በሳ።

“ኧረ በቃ፣ ወንፊት አደረግኸው” አሉት እማማ ብሌን፣ ከላይ ሆነው።

“ዝም ይበሉ እማማ። ዝም ይበሉኝ።”

ተቀባይ ዮሐና ተባለ። ተቀባይዋ በሕይወት አለች፣ ቤቷም እዚያው ነው። ሱራፌል በዚህ ራሱን ሊያጽናና ሞከረ። እማማ ብሌን ስልካቸውን ለረድኤት ሰጥተው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ገቡ። ዕቃ በሩ መዘናቸውና ወሰዳቸው። ሦስት ሰዓት ከሩብ ነበር።

ከስድስት ደቂቃ በኋላ ለረድኤት መልእክት ደረሳት፦ ዕቃዎ በጉዞ ላይ ነው።

ሰሚት ለዕቃ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። አራት ሰዓት ሆነ፣ አምስት ሆነ፣ ስድስት ሆነ። ሱራፌል ስምሪቱን ጠርቶ ጠየቀ።

“ዕቃዎ በጉዞ ላይ ነው” አለችው ትሑቷ ሴት። “ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።”

“ሰው ነው! ሰው ነው ያለው ውስጡ!”

“የሰው ጉዞ ለመጠየቅ ምክንያትዎን ይግለጹ።”

ቀኑን ሙሉ እንዲያ ዋለ። እሑድም ጠዋት መልእክቱ አልተለወጠም። ረድኤት የእማማ ብሌንን ስልክ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣው ሁለቱም ግራና ቀኝ ተቀምጠው ያዩታል። በመስኮቱ የዥረቱ ድምፅ እንደወትሮው ይገባል።

እኩለ ቀን ሲሆን ስልኩ ጮኸ። ዮሐና የሚል ስም አበራ። ረድኤት እጆቿን ፊቷ ላይ አደረገች። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ቆመ፤ እንደገና ጀመረ። በሦስተኛው ሱራፌል አነሣው፤ ጆሮው ላይ አደረገው እንጂ አልተናገረም።

“እማዬ!” አለች ልጅቷ፣ እየሳቀች። ከበስተኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል። “የት ጠፍተሽ ነው ከትናንት ጀምሮ? ትሰሚዋለሽ ልጅሽን? እማዬ?”